አሮጌ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስኩን አላገኘሁም ሲል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዓመታት በኋላ ያ አሮጌ ኮምፒውተር ከተጣለበት ጥግ ይወጣል። አቧራው ይራገፋል፣ ገመዱ ይሰካል፣ ይበራል። ማራገቢያው ይጮኻል፣ ስክሪኑ ላይ ጥቂት መስመሮች ይወርዳሉ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ሃርድ ዲስኩ ሞቷል» ብሎ ይደመድማል። እኔ ቶሎ አላምንም። ሞተ ተብሎ እጄ ከገባው ዲስክ መካከል ባትሪ ያለቀበት፣ ኬብል የላላበት ወይም ጃምፐሩ (ዲስኩ ላይ ሁለት ፒን የምታገናኝ ትንሽ ክዳን) የተሳሳተበት ጥቂት አይደለም።

እዚህ ያሉት ጥያቄዎች ከ1980ዎቹ እስከ 2000ዎቹ መጨረሻ የተሠሩ የግል ኮምፒውተሮችን ይመለከታሉ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ። ከየት ልጀምር?

ከጆሮዎ። የኬዙን ክዳን ይክፈቱና ወደ ዲስኩ ጠጋ ብለው ያብሩት። ጤነኛ ዲስክ ቀስ እያለ የሚያድግ የመሽከርከር ድምፅ ያሰማል። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ድምፁ ይረጋል፣ አንድ ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ በቃ። ጭራሽ ጸጥ ካለ አንድ ዓይነት ችግር ነው። ሳያቋርጥ ጠቅ ጠቅ ካለ ሌላ ዓይነት ነው።

ቀጥሎ ስክሪኑን ያንብቡ። የኮምፒውተር አነሳስ ዱላ ቅብብል ነው። ፓወር ሳፕላዩ ለዲስኩ ኃይል ይሰጣል። ሞተሩ ይዞራል። ባዮስ (ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ዋናው ሰሌዳ ላይ ያለው የማስነሻ ፕሮግራም) «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ዲስኩ ስሙንና መጠኑን ይመልሳል። ከዚያ ባዮስ የዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር (ትንሿን የዲስክ ክፍል)፣ ማለትም 512 ባይት ብቻ ያነብና ሥራውን እዚያ ለተጻፈው አጭር ፕሮግራም ያስረክባል። እሱ ደግሞ ለስርዓተ ክወናው፣ ለዶስ ወይም ለዊንዶውስ ያስተላልፋል። ዱላው የወደቀው የቱ ጋ እንደሆነ ካወቁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር። ዲስኩ ላይ የሚፈልጉት ፋይል ካለ ምንም አይጻፉበት። ፎርማት አያድርጉ። ዊንዶውስ እንደገና አይጫኑ። «ላስተካክለው?» ለሚል ሶፍትዌርም «አዎ» አይበሉ። ይህን ከዚህ በታችም ደጋግሜ ስለምለው ይታገሱኝ።

ዲስኩ ምንም ድምፅ የለውም። ሞቷል ማለት ነው?

ገና ነው። መጀመሪያ የኃይል መስመሩን ይፈትሹ። በአሮጌ ዲስኮች ላይ የሚሰካው አራት ገመድ ያለው ትልቁ ሶኬት ነው፤ ሞሌክስ ይሉታል። ቢጫው 12 ቮልት ነው፣ ቀዩ 5 ቮልት፣ ሁለቱ ጥቁሮች ግራውንድ ናቸው። 12ቱ ሞተሩን ያዞራል። 5ቱ የዲስኩን ኤሌክትሮኒክስ ያንቀሳቅሳል። በሶኬቱ ውስጥ ያሉት ትንንሽ የብረት ቀለበቶች ከጊዜ ብዛት ይሰፋሉ፤ አንዳንዴም ሲሰኩ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ሲያዩት ተሰክቷል፣ ግን አልነካም። ኮምፒውተሩን ያጥፉና ሌላ ሶኬት ይሞክሩ። ማጥፋቱን እንዳይረሱ። ኃይል እያለ መንቀልና መሰካት ደህናውንም ዲስክ ያቃጥላል።

ሶኬቱ ደህና ከሆነ ፓወር ሳፕላዩን ይጠርጥሩ። ዲስክ ለመነሳት የሚወስደው ኃይል ከተነሳ በኋላ ከሚወስደው በብዙ ይበልጣል። ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ለመነሳት ብቻ ከ12 ቮልቱ መስመር 2 አምፔር ገደማ ሊጠይቅ ይችላል። ካፓሲተሮቹ ያበጡበት ወይም የደረቁበት ፓወር ሳፕላይ እዚያች ቅጽበት ላይ ይሰንፋል። ለመፈተን ሲዲ ማጫወቻውንና ፍሎፒውን ከኃይል ይንቀሉና ዲስኩን ብቻውን ያስነሱ። ቴስተር ካለዎት ይለኩ። ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መሆን አለበት። የሚለካው ግን ዲስኩ ለመነሳት ሲታገል ነው። ሥራ ሳይኖረው ሁሉም ፓወር ሳፕላይ ጎበዝ ነው።

ኃይሉ ደህና ነው፤ ዲስኩ ግን ትንሽ አቃስቶ ይቀራል። መታ መታ ላድርገው?

አይምቱት። ምናልባት ተጣብቆ ይሆናል።

በአሮጌ ዲስኮች ውስጥ ኃይል ሲጠፋ የማንበቢያው ራስ የሚያርፈው በሚሽከረከረው ሳህን ላይ ነው። ሁለቱም እጅግ የለሰለሱ ናቸው፤ ሳህኑ ላይ ደግሞ ስስ የቅባት ሽፋን አለ። ለዓመታት ሳይነቃነቁ ሲቀመጡ፣ ተደራርበው እንደተቀመጡ ሁለት እርጥብ መስታወቶች ይያያዛሉ። ሞተሩ ሊያላቅቃቸው ይሞክራል፣ አቅም ያንሰዋል።

የቆየ ዘዴ አለ። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ዲስኩን ፈትተው ያውጡት። በመዳፍዎ ላይ አጋድመው አጥብቀው ይያዙት። ከዚያ የማሰሮ ክዳን እንደሚከፍት ሰው የእጅዎን አንጓ ፈጠን አድርገው ግራና ቀኝ ያዙሩት። ማዞር ነው እንጂ መወርወር ወይም መደብደብ አይደለም። ውስጥ ያለው ሳህን በራሱ ክብደት ወደ ኋላ ሲቀር የማንበቢያውን ራስ ከላዩ ያላቅቀዋል። መልሰው ሰክተው ያብሩት። ከተነሳ እንዳያጠፉት! ያንኑ ጊዜ ፋይልዎን ይቅዱ። አንዴ የተጣበቀ ዲስክ ነገም ይጣበቃል።

ይህ ዘዴ አደጋ የለውም አልልም። የማንበቢያው ራስ ሲላቀቅ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ዲስኩ ላይ ያለው ነገር ምትክ የማይገኝለት ከሆነ ዳታ ለሚያወጣ ባለሙያ ይስጡት እንጂ አይሞክሩት።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከተሠሩት መካከል ሌላ ጣጣ ያለባቸውም አሉ። የማንበቢያውን ራስ ክንድ የምታስቆም ትንሽ ጎማ ውስጣቸው አለች። ጎማዋ ከእርጅና ብዛት ቀልጣ እንደ ማስቲካ ትሆናለች። ዲስኩ በደንብ ይሽከረከራል፣ ክንዱ ግን ከቆመበት አይላቀቅም። ይህን ለማስተካከል ዲስኩን መክፈት ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ የሚከፈት ነገር ደግሞ አይደለም። በማንበቢያው ራስና በሳህኑ መካከል ያለው ክፍተት ከአቧራ ቅንጣት ያንሳል።

ፍሪዘር ውስጥ ማስገባትስ?

አይሆንም። ቀዝቅዞ ሲወጣ እርጥበት ይይዛል። እርጥበቱ ሳህኑ ላይ ካረፈ ዲስኩ የነበረችውን ዕድልም ያጣል።

ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ምንድን ነው?

የማንበቢያው ራስ መንገዱን እየፈለገ ነው። ሳህኑ ላይ የት እንዳለ የሚነግሩት ምልክቶች ተጽፈዋል። እነሱን ማንበብ ሲያቅተው ወደ መነሻው ይመለሳል፣ እንደገና ይሞክራል፣ እንደገና ይመለሳል። ድምፁ የዚያ ነው። አንዳንዴ ጥፋቱ የማንበቢያው ራስ ሳይሆን የደከመ ኃይል ነውና በሌላ ፓወር ሳፕላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክሩት። ያው ከሆነ ያጥፉት። በዚህ ሁኔታ ማብራትና ማጥፋት ሳህኑን መፋቅ ሊሆን ይችላል። መፋቂያ ድምፅ ከሰሙማ አንድ ጊዜም አይሞክሩ።

በደንብ ይሽከረከራል፤ ባዮስ ግን ጭራሽ አያየውም።

ይህ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይለኛል። ብዙውን ጊዜ መልሱ ርካሽ ነው።

በአይዲኢ (ከሳታ በፊት በነበረው የማገናኛ ዓይነት) ዲስክ እንጀምር። ባለ 40 ፒን ጠፍጣፋ ኬብል ነው ያለው። አንደኛው ጠርዙ ቀይ መስመር አለው፤ እሱ ፒን 1ን ያመለክታል። በአብዛኞቹ ዲስኮች ላይ ቀዩ መስመር ወደ ኃይል ሶኬቱ በኩል ይሆናል። መገልበጥ የሚከለክል ጉብታ የሌለው ኬብል ተገልብጦም ይገባል። ከተገለበጠ የዲስኩ መብራት ገና ኮምፒውተሩ ሲበራ ይበራና አልጠፋም ይላል። እኔ ራሴ ቸኩዬ ገልብጬ ሰክቼ «ማዘርቦርዱም ተቃጠለ» ብዬ ግማሽ ቀን ያዘንኩበት ጊዜ አለ። ክዳኑን ዳግም ስከፍት መብራቷ ፈዛ ታየኛለች።

ኬብሉ ሁለት ዓይነት ነው። የድሮው 40 ሽቦ አለው። በኋላ የመጣው ለፈጣን ዲስኮች የተሠራ ሲሆን 80 ቀጫጭን ሽቦ አለው፤ ሶኬቱ ግን ያው ባለ 40 ነው። በባለ 80ው ላይ ሰማያዊው ጫፍ ማዘርቦርዱ ላይ ይሰካል፣ ጥቁሩ ጫፍ ማስተር (አንደኛው ዲስክ) ላይ፣ መሃል ያለው ግራጫ ስሌቭ (ሁለተኛው) ላይ። ርዝመቱ ከ46 ሴንቲሜትር እንዳይበልጥ ደረጃው ያዛል። ከየትም የመጣ ረጅም ኬብል ካለ እሱን ቀድመው ይቀይሩ። ዲስኩ አንድ ቀን ታይቶ ሌላ ቀን የሚጠፋ ከሆነም የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ኬብሉ ነው።

ከዚያ ጃምፐር። በአንድ ኬብል ላይ ሁለት ነገር ካለ አንዱ ማስተር ሌላው ስሌቭ መሆን አለበት። ሲዲ ማጫወቻም ይቆጠራል። ሁለቱም ማስተር ከሆኑ ይጣላሉ፤ ወይ አንዱ ይጠፋል፣ ወይ ሁለቱም፣ ወይ ባዮሱ የዲስኩን ስም በማይነበብ ፊደል ያሳያል። «ኬብል ሰሌክት» የሚለውን ከመረጡ ደግሞ ሁለቱም ላይ ይምረጡና ቦታቸውን ለኬብሉ ይተዉለት። አንድ ብዙ ሰው የማያውቃት ነገር አለች። ብዙዎቹ የዌስተርን ዲጂታል አሮጌ ዲስኮች ማስተር መሆንንና ብቻ መሆንን ይለያሉ። ኬብሉ ላይ ብቻውን ያለን ዲስክ ማስተር ላይ ካደረጉት የሌለ ስሌቭ ሲጠብቅ ሊቀር ይችላል። መፍትሔው ጃምፐሩን ማንሳት ነው። የአቀማመጡ ሥዕል ዲስኩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ፒኖቹን በባትሪ መብራት ይዩ። የተጣመመ ካለ በቀጭን ነገር ቀስ ብለው ያቅኑት። ኬብሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ነቅሎ መሰካትም የተጠራቀመ ዝገት ያራግፋል። በባዮስ ሴታፕ (የባዮሱ የምርጫ ገጽ) ውስጥም የዲስኩ መስመር ተዘግቶ ወይም «ነን»፣ ማለትም «የለም» ተብሎ እንዳይሆን ይመልከቱ። ላፕቶፕ ላይ ከሆኑ ደግሞ ይጠንቀቁ። የላፕቶፑ ባለ 2.5 ኢንች አይዲኢ ዲስክ 44 ፒን አለው፤ ኃይሉም የሚገባው በዚያው ነው። ማገናኛውን በአንድ ፒን አዛንፎ መሰካት ዲስኩን ሊገድለው ይችላል።

ጠዋት ሲበራ «ዲስክ የለም» ይላል። ሪስታርት ሳደርገው ይነሳል። እንዴት?

ባዮሱ ይቸኩላል፣ ዲስኩ ይዘገያል። ያረጀ ሞተር ሲቀዘቅዝ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ባዮሱ ሲጠይቀው ገና እየተነሳ ነው። ኮንትሮል፣ አልትና ዴል ሲጫኑ ግን ኃይሉ አይቋረጥም። ዲስኩ እየተሽከረከረ ስለሚጠብቅ ሁለተኛው ጥያቄ ያገኘዋል።

ለጊዜው የሚሠራ መላ አለ። በባዮስ ሴታፕ ውስጥ ፈጣን አነሳስ የሚለውን ይዝጉት። ያኔ ማህደረ ትውስታውን ሙሉ በሙሉ እየቆጠረ ሲፈትሽ ዲስኩ ጊዜ ያገኛል። በአንዳንድ ባዮሶች ላይ ለሃርድ ዲስክ ብቻ በሰከንድ የሚሞላ መጠበቂያ አለ፤ ካለ 5 ወይም 10 ይስጡት። ፓወር ሳፕላዩንም ይፈትሹ፤ የደከመ 12 ቮልትም ይህንኑ ያመጣል።

ችግሩ ግን ተፈታ ብለው እንዳይተኙ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። መነሳት የዘገየው ዲስክ አንድ ቀን ጭራሽ ይቀራል።

ባትሪ ከሃርድ ዲስክ ጋር ምን አገናኘው?

በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ብዙ። ባዮሱ ምርጫዎቹን የሚያስታውሰው ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ባትሪ ነው። ባትሪዋ ስታልቅ ኮምፒውተሩ በተነቀለ ቁጥር ሁሉንም ይረሳል። ምልክቷ ሰዓቱ ነው። ሴታፕ ውስጥ ሲገቡ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ካገኙት ዲስኩን ከመንካትዎ በፊት ባትሪውን ይቀይሩ።

መርሳቱ እንደ ኮምፒውተሩ ዕድሜ ይለያያል። በ1984 በወጣው አይቢኤም ኤቲና ከእሱ በኋላ በመጡት ላይ ባዮሱ የዲስኩን ዓይነት በቁጥር ነበር የሚይዘው። በኋላ ቁጥር 47 ተጨመረና ተጠቃሚው የሲሊንደሩን (የሳህኑን ክቦች)፣ የማንበቢያ ራሱንና የሴክተሩን ብዛት በእጁ እንዲሞላ ተፈቀደ። ይህ ከጠፋ ኮምፒውተሩ ዲስክ እንዳለው አያውቅም። ቁጥሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ላይ ተጽፈዋል። አሁኑኑ በወረቀት ገልብጠው ኬዙ ውስጥ ይለጥፉ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በመጡት ላይ ዲስኩ ራሱን ያስተዋውቃል። ግን ሌላ ወጥመድ አለ። ኖርማል፣ ላርጅና ኤልቢኤ የሚባሉ ባዮሱ የዲስኩን ሴክተሮች የሚቆጥርባቸው ሦስት ስልቶች አሉ። ዲስኩ በኤልቢኤ ተዘጋጅቶ ባዮሱ ወደ ኖርማል ከተመለሰ ፋይሎቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ግን የተሳሳተ ቦታ ያነባል። ዲስኩ ባዶ ወይም የተበላሸ ይመስላል። እዚህ ላይ ፎርማት ያደረገ ሰው ጤነኛ ዲስክ በገዛ እጁ ቀበረ። ስልቱን ብቻ ወደነበረበት ይመልሱት።

አይዲኢን በተካው በሳታ ማገናኛ ዘመን ደግሞ ጥያቄው ባዮሱ ዲስኩን የሚያናግርበት ስልት አይዲኢ ወይስ ኤኤችሲአይ የሚል ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ በአይዲኢ ስልት ተጭኖ ባዮሱ ወደ ኤኤችሲአይ ቢዞር ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፤ መጨረሻው 7ቢ የሆነ ቁጥር ያሳያል። አንድ ጊዜ አንድ ባለሙያ «ዲስኩ አልቆለታል፣ አዲስ ግዛ» ያለኝን ኮምፒውተር በዚህ ብቻ አስነስቼዋለሁ። ሦስት ቁልፍ መጫን ነበር ሥራው።

የባትሪው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ሲአር2032 የሚባለው ሳንቲም የመሰለው ነው፤ 3 ቮልት። ከዚያ ቀደም ባሉት ላይ ግን ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ በርሜል የመሰለ ቻርጅ የሚሆን ባትሪ ያጋጥምዎታል። ይህኛው ክፉ ነው። ያፈስሳል፣ ያፈሰሰውም የማዘርቦርዱን መስመር ይበላል። ዙሪያውን አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ነገር ካዩ ባትሪውን ዛሬውኑ ያስነቅሉት። በሌሎቹ ላይ ደግሞ ባትሪው ዳላስ በሚባለው የሰዓት ቺፕ ውስጥ ተቀብሯል፤ መቀየር ያለበት ቺፑ ነው።

ስክሪኑ ላይ የሚወጡት ጽሑፎች ምን ማለት ናቸው?

«ፕራይመሪ ማስተር ሃርድ ዲስክ ፌይል» ካለ ባዮስና ዲስክ አልተግባቡም። ወደ ኬብል፣ ጃምፐርና ኃይል ይመለሱ።

«ኖን ሲስተም ዲስክ» ካለ ከመደንገጥዎ በፊት ፍሎፒውን ይዩ። ውስጡ የተረሳ ዲስኬት አለ? ፍላሽስ ተሰክቷል? ብዙ ሌሊት የጠፋው በተረሳ ዲስኬት ነው።

«ሚሲንግ ኦፐሬቲንግ ሲስተም» እና «ኢንቫሊድ ፓርቲሽን ቴብል» የሚሉት ከዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ ደስ ይበልዎ፤ ዲስኩ ቢያንስ ተነቧል። ያቺ ሴክተር ውስጥ 446 ባይት የማስነሻ ኮድ፣ 64 ባይት የፓርቲሽን (የዲስኩ ክፍፍል) ሠንጠረዥና መጨረሻ ላይ የ2 ባይት ምልክት አለ። የተበላሸው ሠንጠረዡ ነው፣ ወይም ቀደም ያልኩት የኤልቢኤ መዛባት ነው። መጀመሪያ ሁለተኛውን ይፈትሹ።

«ኤንቲኤልዲአር ኢዝ ሚሲንግ» የዊንዶውስ 2000 እና ኤክስፒ ነው፤ ኤንቲኤልዲአር ዊንዶውስን የምታስነሳ ፋይል ናት። ፋይሏ ጠፍታ ሊሆን ይችላል፤ ከመጫኛ ሲዲው ትገለበጣለች። ኮምፒውተሩ ከተሳሳተ ዲስክ ወይም ከተረሳ ፍላሽ ሊነሳ ሲሞክርም ይህንኑ ይላል።

«ኖ ሮም ቤዚክ» የሚለው ደግሞ ታሪክ ነው። የመጀመሪያዎቹ የአይቢኤም ኮምፒውተሮች የሚነሱበት ዲስክ ካጡ ቺፕ ውስጥ ወደተቀመጠ ቤዚክ ወደሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ይገቡ ነበር። ሌሎች ፋብሪካዎች አስመስለው የሠሯቸው ያ ቤዚክ አልነበራቸውምና ስለሌለ ነገር ያማርራሉ። ትርጉሙ አብዛኛውን ጊዜ «አክቲቭ (የሚነሳበት) የተባለ ፓርቲሽን የለም» ነው። ኤፍዲስክ በሚባለው የዶስ ፓርቲሽን ማዘጋጃ ገብቶ ፓርቲሽኑን አክቲቭ ማድረግ ይበቃል።

የኤፍዲስክ ኤምቢአር ትእዛዝ ሁሉን ይፈታል ይላሉ። ልጠቀም?

ተረጋግተው። ኤምቢአር ያቺው የመጀመሪያዋ ሴክተር ናት። ትእዛዙ የማስነሻ ኮዷን አድሶ ይጽፋል፤ ሠንጠረዡን አይነካም ይባላል። ሁልጊዜ ግን እንደዚያ አይደለም። የሴክተሩ መጨረሻ ምልክት ከጠፋ ሠንጠረዡንም ባዶ ያደርገዋል። ሁለት ሌላ አደጋ አለ። አንደኛ፣ ትልቅ ዲስክ በአሮጌ ባዮስ ላይ እንዲሠራ ዲስክ ማኔጀር ወይም ኢዚ ድራይቭ የሚባል ሶፍትዌር ተጭኖበት ከነበረ ያ ሶፍትዌር ያለው እዚያው ነው። ካጠፉት ዲስኩ አይታይም። ሁለተኛ፣ በ1990ዎቹ የነበረው መንኪ የተባለ ቫይረስ ትክክለኛውን ሠንጠረዥ ደብቆ ነበር የሚያስቀምጠው። ቫይረሱን በዚህ ትእዛዝ ያነሳ ሰው ሠንጠረዡንም አብሮ ያጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ቅጂ፣ ከዚያ ትእዛዝ።

ትልቅ ዲስክ ገዝቼ አስገባሁ፤ አንሶ ይታያል ወይም ኮምፒውተሩ ይቆማል።

ጥፋቱ የዲስኩ አይደለም። አሮጌ ባዮስ መቁጠር የሚችለው እስከ አንድ ቦታ ነው። የመጀመሪያው ጣሪያ 528 ሜጋባይት ነበር። ባዮሱ 1024 ሲሊንደር ይቆጥራል፣ አይዲኢ 16 ራስ፣ 63 ሴክተር፤ ሲባዙ እዚያ ላይ ያልቃል። ከዚያ 2.1 ጊጋባይት ላይ የሚያቆሙ አሉ። ከዚያ 8.4። ከዚያ ደግሞ 33.8 አለ፤ ይህኛው ባለጌ ነው። ከ1999 በፊት በተሠሩ ብዙ የአዋርድ ባዮሶች ላይ ኮምፒውተሩ ዲስኩን ሲለይ እዚያው ድርቅ ይላል። ቀጣዩ 137 ጊጋባይት ነው፤ መፍትሔው በ2002 የመጣ ሲሆን ለኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 1 የሚባለው ማሻሻያ ያስፈልጋል።

ባዮሱን ማደስ ከተቻለ እሱ ይሻላል። ካልሆነ ብዙ ዲስኮች መጠናቸውን ወደ 32 ጊጋባይት የሚያሳንስ ጃምፐር አላቸው። ዋናው ማስጠንቀቂያ ይህ ነው፦ ከጣሪያው በላይ በሆነ ዲስክ ላይ ስርዓቱ ዝም ብሎ መጻፉን ከቀጠለ ዞሮ መጀመሪያው ላይ ሊጽፍ ይችላል። «ይሠራል እኮ» ብለው አይሞክሩ።

አዲስ የሳታ ዲስክ በመጀመሪያዎቹ የሳታ ማዘርቦርዶች ላይ አይታይም። ለምን?

ፍጥነት መደራደር አቅቷቸው ነው። ቪአይኤ ቪቲ8237 ቺፕ ያላቸው ሰሌዳዎች በዚህ ይታወቃሉ። እነሱ የሚያውቁት 1.5 ጊጋቢት ብቻ ነው፤ 3 ጊጋቢት የሚለውን ዲስክ ዝቅ በል ማለት አይችሉበትም። በብዙ ዲስኮች ጀርባ ላይ ፍጥነቱን ወደ 1.5 የሚገድብ ጃምፐር አለ። እሱን ያድርጉ።

የእኔማ ከዚያም ይቀድማል፤ 1701 ይላል።

የአይቢኤም ኤክስቲ ዘመን ነዎት። ኤክስቲ በ1983 ባለ 10 ሜጋባይት ዲስክ ይዞ ወጣ። 1701 የሃርድ ዲስክ ወይም የመቆጣጠሪያው ካርድ ብልሽት ነው። እነዚህ ዲስኮች ሁለት ጠፍጣፋ ኬብል አላቸው፤ ባለ 34 እና ባለ 20። መቆጣጠሪያው ያለው ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን በተሰካው ካርድ ላይ ነው። ካርዱን አውጥተው ጥርሱን በማጥፊያ ላጲስ ጠረግ አድርገው ይመልሱት፤ በዚህ የተነሳ ብዙ ነው። ዲስኩን ከቦታ ቦታ ከማንቀሳቀስዎ በፊት የማንበቢያውን ራስ የሚያሳርፍ ፓርክ የሚባል ፕሮግራም ማስኬድም ልማድ ነበር። አይርሱት።

ኤክስቲዎች ላይ የሚሠራውን፣ የሳህኑን ምልክቶች እንደ አዲስ የሚጽፈውን ሎው ሌቭል ፎርማት ግን ለአይዲኢ ዲስክ አይሞክሩ። የእሱ ፋብሪካ ላይ ያለቀ ጉዳይ ነው።

ዲስኩ ሊሞት መሆኑን አስቀድሜ ማወቅ እችላለሁ?

ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ የተሠሩ አብዛኞቹ ዲስኮች ስማርት የሚባል መከታተያ አላቸው። በነጻ በሚገኙ ሶፍትዌሮች ይነበባል። እኔ የማያቸው ሦስት ቁጥሮች ናቸው፦ 5 የተተኩ ሴክተሮች፣ 197 ለመተካት የሚጠብቁ ሴክተሮች፣ 10 ደግሞ ለመሽከርከር ድጋሚ የተሞከረበት። የመጨረሻው ከዜሮ ከተነሳ የመነሳት ችግር መጣ ማለት ነው። ባዮሱ ሲነሳ «ስማርት ባድ» ካለ ኤፍ1 ተጭነው እያለፉ አይኑሩ። ስማርት ደህና ነው ማለቱ ግን ዋስትና አይደለም። ምንም ሳይል የሞተ ብዙ ነው።

ተነሳ! አሁን ፋይሎቼን እንዴት ላውጣ?

በዚያው ኮምፒውተር አይዘግዩ። አጥፍተው ማስነሳት ካልፈሩ ዲስኩን ያውጡና ከአይዲኢ ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር ማገናኛ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ያገናኙት። ተጣብቆ የተላቀቀ ከሆነ ግን ሳያጠፉ እዚያው ላይ ይቅዱ፤ በፍላሽም በኔትወርክም። በጣም የሚፈልጉትን ቀድመው። ፎቶና ሰነድ መጀመሪያ፣ ሙዚቃ መጨረሻ።

ሴክተሮቹ የተበላሹ ከሆነ ፋይል በፋይል ከመቅዳት ዲስኩን እንዳለ መገልበጥ ይሻላል። ሊኑክስ ላይ ዲዲሬስኪው የሚባል መሣሪያ አለ። መጀመሪያ ቀላሉን ሁሉ ይወስዳል፣ ከዚያ ወደ አስቸጋሪው ይመለሳል፤ መዝገብ ስለሚይዝ ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል። ጥገናውን ሁሉ ከዚያ በኋላ በቅጂው ላይ ያድርጉ። የዊንዶውሱን የዲስክ መፈተሻ ቼክዲስክን በታመመው ዲስክ ላይ እንዳያስኬዱ፤ እየጻፈ ነው የሚያስተካክለው።

ዲስኩ በእርግጥ አለቀ። በምን ልተካው?

ሌላ አሮጌ አይዲኢ ዲስክ አይግዙ፤ እሱም ዕድሜው ያው ነው። ለዶስና ለዊንዶውስ 98 ኮምፒውተር እኔ የምመርጠው ኮምፓክት ፍላሽ ካርድ ነው። ካርዱ የአይዲኢን ቋንቋ ራሱ ስለሚናገር ማገናኛው ሽቦ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። አይጮኽም፣ አይጣበቅም፣ ከ12 ቮልቱም ምንም አይፈልግም። ከባዮስዎ ጣሪያ ያነሰ መጠን ይምረጡ። ኤክስፒ ለሚያስኬድ ግን ካርድ ይንቀራፈፋል፤ ኤክስፒ ብዙ ይጽፋል። ለእሱ ትንሽ የሳታ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሳህን የሌለው ዲስክ) ከአይዲኢ መቀየሪያ ጋር ይሻለዋል። መቀየሪያዎቹም የማስተርና የስሌቭ ጃምፐር አላቸው። እሱን ማየት እንዳይረሱ።